«ራን» ሲሉ ማን ነው የሚሮጠው?

(ቨርጂኒያ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ወገኖች ከተደረገ የማታ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችሁት። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዚህ ወጥታችሁ የሌሊት ሥራ ትገባላችሁ። ለአንድ ቃል ብላችሁ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ብቻ ነው። በእነሱ ፊደል ሦስት፣ በእኛ ፊደል ሁለት። «ራን»።

ቅድም ስትገቡ በር ላይ ቆሜ ጠይቄያችሁ ነበር፤ «ራን ማለት ምንድነው?» ብዬ። ሁላችሁም «ሮጠ» አላችሁኝ። ልክ ናችሁ። ከእኛ ሰው ይህን ቃል የሚስት የለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ጀምሮ ስማችን ከሩጫ ጋር ነው የሚነሳው። ኃይሌ ገብረሥላሴ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ እንኳ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ይህችኑ ቃል ይዟል። ትምህርት ቤትም እንግሊዝኛ ሀ ብለን ስንጀምር ከሚያስጠኑን ግሦች አንዱ ይኸው ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ አገር ከገባን በኋላ ነው። ቃሉን በየሄድንበት እንሰማዋለን። ግን ዞር ብለን ስናይ የሚሮጥ ሰው የለም።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አብዛኛውን ቀኔን ሆስፒታል ነው የማሳልፈው፤ አልፎ አልፎ ፍርድ ቤት እጠራለሁ። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ከአገር ቤት ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች የዚያን ቀን ብቻቸውን ነበሩ።

ሐኪሟ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «ዊል ራን ሰም ቴስትስ» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት እናታችን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሁለት ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ንገሪልኝ» አሉኝ። «እኔ መሮጥ አልችልም። ይኼ ጉልበቴ ደረጃ እንኳን አያስወጣኝ።»

ጆሯቸው አልሳተም። ከእንግሊዝኛ ከያዟቸው ጥቂት ቃላት አንዷ «ራን» ናት። አንድ ጎረቤታቸው ደግሞ ለልብ ምርመራ ማሽን ላይ አውጥተው በፍጥነት እንዳስኬዷቸው ሲያወሩ ሰምተዋል። ሁለቱን ገጣጠሙና ፈሩ። ሐኪሟ ያለችው «አንዳንድ ምርመራ እናደርጋለን» ነው። የሚፈለገው ደምና ሽንት ብቻ ነበር። ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁ። እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ።

በሌላ ቀጠሯቸው እንደገና እኔ ደረሰኝ። ነርሷ ስትናገር ያችው ቃል መጣች። እናታችን ወደ እኔ ዞር አሉና «ዛሬስ ማን ነው የሚሮጠው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ደብተር ለዚህች ቃል ለየሁ። በሥራ ላይ የሰማኋትን «ራን» ሁሉ ከነአረፍተ ነገሯ መጻፍ ጀመርኩ። በየአንዳንዷም ሥር የእናታችንን ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ማን ነው የሚሮጠው? ወይስ ምንድነው የሚሮጠው? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገጾቹ አለቁ።

ለመሆኑ ስንት ትርጉም ያላት ይመስላችኋል? ሃያ? ሃምሳ?

የእንግሊዝኛን ቃላት ታሪክ ሁሉ ለመመዝገብ የተነሳው ትልቁ መዝገበ ቃላት የኦክስፎርዱ ነው። ጄምስ መሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1879 የአዘጋጅነቱን ሥራ ተቀበለ። የመጀመሪያው እትም ተሠርቶ ያለቀው በ1928 ነው። እሱ ግን መጨረሻውን አላየም፤ በ1915 አረፈ። በዚህ መዝገብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አንደኛ ሆኖ የቆየው «ራን» አልነበረም። «ሰት» የሚለው ግስ ነበር። በ1989ኙ ሁለተኛ እትም «ሰት» ብቻውን ወደ 60,000 ቃላት የሚጠጋ ማብራሪያና 430 ያህል ትርጉም ተሰጥቶታል። ከዚያ መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲታደስ ፒተር ጊሊቨር የሚባል የኦክስፎርድ አዘጋጅ «ራን» ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ወር ፈጀበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሰማ ግሡ ብቻ 645 ትርጉም ሆኖ ተገኘ። ስም ሆኖ ሲመጣ ያለው ሳይቆጠር ማለት ነው።

ዘጠኝ ወር! አንድ ልጅ ተረግዞ እስኪወለድ።

አትደንግጡ። 645ቱን ላስጠናችሁ አልመጣሁም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰውም ቆጥሮ አያውቃቸውም። ግን ሲሰማ አይደናገርም። ቃሉን ለብቻው ስለማይሰማው ነው። ከጎኑ ካለው ቃል ጋር አንድ ላይ ነው ጆሮው ውስጥ የሚገባው። እኛ ግን ትምህርት ቤት የተማርነው «ራን እኩል ይሆናል ሮጠ» ብለን ነው። በደብተር ግራና ቀኝ፣ አንድ ለአንድ። ስህተታችን የሚጀምረው እዚያ ይመስለኛል።

እኛስ ቤት ምን አለ? እስቲ «ያዘ»ን እዩት። ሌባ ያዘ። ጉንፋን ያዘኝ። ቀጠሮ ያዝኩ። ቂም ያዘ። ፍቅር ያዘው። ይሉኝታ ያዘኝ። ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። ወረፋ ያዥልኝ። ሥራ ይዣለሁ። ስልኩ ተይዟል። ይህን ሁሉ ስትሰሙ አንዳችሁም «ምን ማለት ነው?» አላላችሁም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ አማርኛ ትማራለች። አንድ ቀን ጭንቅ ብሏት መጣች። አንድ ታካሚ «አባቴ አልጋ ይዘዋል» ብሏታል። የአማርኛ መማሪያዋ ላይ ደግሞ «ሆቴል አልጋ ይዣለሁ» የሚል አረፍተ ነገር አለ። «አባቱ ሆቴል ናቸው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ታመው ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ያቺ ነርስ በእኛ ቋንቋ የገጠማት እና እናታችን በእንግሊዝኛ የገጠማቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሁለቱም የቃሉን ትርጉም ያውቃሉ። የጎደላቸው ጎረቤቱ ነው።

«ቆረጠ»ም እንዲሁ ነው። ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ሆድን ይቆርጣል፣ ለመሄድ የቆረጠ ሰውም አለ። ቢላዋ ያለው የትኛው ላይ ነው?

አሁን ወደ «ራን» ልመለስ። ይህች ቃል ይህን ያህል የሰፋችው ለምንድነው? ደብተሬን ስሞላ ሁለት ነገር አስተዋልኩ። ኋላም የቃሉን ታሪክ ስመለከት ሁለቱም እዚያው ሥሩ ላይ አሉ።

አንደኛው ውኃ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ የቃሉ አባት መሮጥም መፍሰስም ነበር። ለእግርም ለውኃም አንድ ግስ። የቋንቋው ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ እስከዛሬ ድረስ «ሪነን» ሲል መፍሰስ፣ «ሬነን» ሲል መሮጥ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ አፍ ያዛቸው። ስለዚህ አፍንጫ «ይሮጣል» ሲሏችሁ ይፈሳል ማለታቸው ነው። የቧንቧ ውኃ «የሚሮጥ ውኃ» ነው። ልብስ ስታጥቡ ቀለሙ ከለቀቀ «ሮጠ» ይሉታል። እንዲያውም በዚህ በእኛ አካባቢ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ትንሽ ወንዝ ራሱ «ራን» ይባላል። ከማናሳስ አጠገብ «ቡል ራን» የሚባል ወንዝ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ የተደረገው እዚያ ነው። ሰሜኖቹ ውጊያውን በወንዙ ስም «ቡል ራን» አሉት፤ ደቡቦቹ በከተማው ስም «ማናሳስ»። በሬ የሮጠበት ጦርነት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የወንዝ ስም ነው።

ሁለተኛው ነገር እኔን በጣም ያስደነቀኝ ነው። በአማርኛ «ሮጠ» እና «አስሮጠ» ሁለት ናቸው። «ፈሰሰ» እና «አፈሰሰ»፣ «ሄደ» እና «አስኬደ»። ራሱ የሚያደርገውንና ሌላውን የሚያስደርገውን ግሡ ፊት ላይ በምትገባ በአንዲት «አ» ወይም «አስ» እንለያቸዋለን። ጥንታዊው እንግሊዝኛም ለሁለቱ ሁለት ግሦች ነበሩት፤ አንዱ ለሯጩ፣ አንዱ ለአስሯጩ። በዘመናት ውስጥ ተቀላቀሉና አንድ ሆኑ። ዛሬ «ሺ ራንስ» ሲሉ ትሮጣለች ነው። «ሺ ራንስ ኤ ሬስቶራንት» ሲሉ ምግብ ቤት ታስተዳድራለች ነው። ሴትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሂሳብ እየሠራች ሊሆን ይችላል። የምታስሮጠው ምግብ ቤቱን ነው።

እኛስ? እኛ ሥራን አናስሮጥም፤ እናስኬዳለን። «ሥራ እንዴት እየሄደልህ ነው?» እንላለን። የእኛ ሥራ ይሄዳል፣ የእነሱ ይሮጣል። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው። እንዲህ አድርጋችሁ ስታስቡት ብዙው ነገር ይገለጥላችኋል። ምርመራ «ራን» ማድረግ ምርመራን ማስኬድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም «ራን» ማድረግም ያው ነው። ይህንንማ አገር ቤት ያሉ የኮምፒውተር ልጆች «ራን አድርገው» እያሉ አማርኛ አድርገውታል።

እንግዲህ ማን ይሮጣል ስትሉ አንድ ሌላ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ወይስ ማን ያስሮጣል?

አሁን ሆስፒታል ልውሰዳችሁ። ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው፤ የቃሉ መሳት ሰው የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ።

ልጃችሁን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ገባችሁ እንበል። ነርሷ «ኢዝ ሂ ራኒንግ ኤ ፊቨር?» ትላችኋለች። ትኩሳት አለው ወይ ነው። ቀጥላ «ዳዝ ሂ ሃቭ ዘ ራንስ?» ልትል ትችላለች። ይህቺን ያዙልኝ። መጨረሻዋ ላይ «ስ» አለች፣ ፊቷ «ዘ» አለች። «ዘ ራንስ» ተቅማጥ ነው። መደበኛ ያልሆነ የቤት ቃል ነው፤ መጻሕፍት ላይ ብዙ አታገኙትም፣ እናቶች ግን ሁልጊዜ ይሉታል። አንድ አባት ይህን ሲጠየቁ «አዎ፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሮጠው፣ አርፎ አይቀመጥም» ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ነርሷ «ቀኑን ሙሉ» የሚለውን ብትጽፈው ኖሮ ያ ልጅ ፈሳሽ ሊሰጠው ነበር። ደግነቱ መሀል ላይ ነበርኩ፤ አስቆምኳቸውና ጥያቄውን እንደገና በአማርኛ ጠየቅሁ።

ሌላ። «ዳዝ ዳያቢቲስ ራን ኢን ዩር ፋሚሊ?» በቃል በቃል ትርጉም ብትሄዱ ስኳር ቤታችሁ ውስጥ ሲሮጥ ታያላችሁ። እኔ የምተረጉመው «ከቤተሰብዎ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ብዬ ነው። ይህም ከውኃው የመጣ ይመስለኛል። በሽታው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ጅረት ይወርዳል። እኛ «በዘር ይወርዳል» ስንል ከዚያ ብዙ አልራቅንም።

«ዩር ፕረዠር ራንስ ሃይ» ካሏችሁ ግፊታችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ ዛሬ ብቻ አይደለም። ይህ ልዩነት አለው። «አዘውትሮ» የሚለውን ቃል ካልጨመርኩ ታካሚው የዛሬ ነገር ብቻ አድርጎ ይሄዳል። «ፊሊንግ ራን ዳውን» ሲሏችሁ አቅም ማጣት፣ ዝል ማለት ነው። «ዲድ ዩ ራን አውት?» ሲሉ ደግሞ መድኃኒቱ አልቆብሃል ወይ ነው። ይህችኛዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች። «አውት» ስላለች «ሮጠህ ወጣህ ወይ» ትመስላለች። አንድ የደም ግፊት ታካሚ «ኖ» ብሎ መልሶ ለሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ቆይቶ ነበር። ባለመድኃኒቷ ስትጠይቀው ከቤቱ ሮጦ ስላልወጣ ነው «ኖ» ያለው።

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ለታካሚው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ለዚህ አታቁሙ። ልጁ እንግሊዝኛውን ሊያውቀው ይችላል፤ ተቅማጥንና ግፊትን በአማርኛ ግን ላያውቅ ይችላል። ያቺን ሸክም ከሕፃን ጫንቃ ላይ አውርዱለት።

ፍርድ ቤት ደግሞ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ነው። ጉዳዩን የሚያስታውቅ ዝርዝር አልናገርም። አንድ ወገናችን ከግብዣ ወጥቶ፣ መንዳት የለብኝም ብሎ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ክረምት ነው። ብርዱን ለመቋቋም ሞተሩን አስነስቶ ማሞቂያውን ከፍቷል። ፖሊስ አገኘው።

ጠበቃው ጠየቀው፤ «ዋዝ ዘ ካር ራኒንግ?» እኔም ፈጠን ብዬ «መኪናው እየሄደ ነበር?» አልኩት። ሰውየው በሙሉ ልብ «አይ፣ በፍጹም አልሄደም» አለ። እውነቱን ነው። መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን ጥያቄው «ሞተሩ ተነስቶ ነበር ወይ?» ነው። የፖሊሱ ጽሑፍ ላይ ሞተሩ እንደተነሳ ተጽፏል። ሰውየው በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት ዋሾ ሆኖ ቆመ። በእንዲህ ያለ ክስ ደግሞ የሞተሩ መነሳትና አለመነሳት ትልቅ ነገር ነው።

የጠበቃውን ፊት ሳይ ነው የገባኝ። እጄን አነሳሁ። እኛ አስተርጓሚዎች ፍርድ ቤት ስለ ራሳችን «እኔ» አንልም፤ «እኔ» የሚለው የተከሳሹ ቃል ነውና። ስለዚህ ለዳኛው «አስተርጓሚዋ ስህተቷን ማረም ትፈልጋለች» አልኩ። ዳኛው ፈቀዱ። ጥያቄውን እንደገና ተረጎምኩ። ሰውየውም «አዎ፣ ሞተሩ በርቶ ነበር፣ ብርድ ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናና «ራን» አንድ ላይ ሲመጡ ትንፋሽ ወስጄ ነው የምተረጉመው። መኪና ስትገዙ ማስታወቂያው ላይ «ራንስ ግሬት» የሚል ታያላችሁ። ይህ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ ጥሩ ይሠራል ማለት ነው። ቆሞ የሚሸጥ መኪና «ራንስ» ይባላል!

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል፤ እናንተም ሰዓት አላችሁ።

ቤት ስትከራዩ «ዊል ራን ዩር ክሬዲት» ይሏችኋል፤ የብድር ታሪካችሁን ያጣራሉ። ሥራ ስትገቡ ባክግራውንድ «ራን» ያደርጋሉ፤ ይህም ማጣራት ነው። ፓርኪንግና ሱቅ የምትሠሩ ካርድ «ራን» ታደርጋላችሁ፤ ካርዱን ማሽኑ ላይ ማሳለፍ ነው። «አይም ራኒንግ ሌት» ያለ ሰው አርፍዷል፤ ምናልባት ትራፊክ ውስጥ ቆሟል። ቀይ መብራት «ራን» ያደረገ መብራት ጥሷል። «ሂት ኤንድ ራን» ገጭቶ ማምለጥ ነው። እዚህኛው ላይ ሩጫም አለ፣ ወንጀልም አለ።

«ራን ኢንቱ» ላይ ግን ትንሽ ቆም በሉ። «አይ ራን ኢንቱ ማይ ካዝን» ማለት የአጎቴን ልጅ መንገድ ላይ ድንገት አገኘሁት ነው። «አይ ራን ኢንቱ ኤ ፖል» ማለት ምሰሶ ገጨሁ ነው። ግሡ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የለወጠው ጎረቤቱ ነው፤ ሰው ሲሆን ሰላምታ፣ ብረት ሲሆን ጋራዥ።

ምርጫ ሲደርስ ቃሏ ቴሌቪዥኑን ትሞላዋለች። አሜሪካ ውስጥ ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው «ይሮጣል»። እንግሊዝ አገር ግን ለምርጫ «ይቆማል» ነው የሚሉት። አንድ ቋንቋ ነው፣ አንዱ ሯጭ ሌላው ቋሚ። ለምክትልነት አብሮ የሚቀርበውን ዕጩ «ራኒንግ ሜት» ይሉታል፤ ቃሉ ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነው። እኛ «ይወዳደራል» ብለን መሮጡንም መቆሙንም ተውነው።

ባንክም ላይ አለች። ሰዎች ገንዘቤን ላውጣ ብለው በአንድ ጊዜ ባንክ ላይ ሲጎርፉ «ባንክ ራን» ይባላል። ድሮ በእውነት ይሮጡ ነበር፤ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 ካሊፎርኒያ ያለው ሲልከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ። አብዛኛው ሰው ያን ያደረገው ከስልኩና ከኮምፒውተሩ ላይ ነው። እግሩን ያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ ግን ያው ቀረ። የሮጠው ገንዘቡ ነው።

ቤዝቦል ላይ ነጥብ ራሱ «ራን» ነው፤ ልጆቻችሁ ይነግሯችኋል።

እንግዲህ እንዴት ትማሩት? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ደብተራችሁ ላይ «ራን» ብላችሁ ለብቻዋ አትጻፉ። ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ጋር ጻፏት። «ራን አውት ኦፍ መድኃኒት»፣ «ራን ኤ ፊቨር»፣ «ራን ኤ ቴስት»። ከጎኗ የአማርኛውን አረፍተ ነገር በሙሉ ጻፉ፣ እናታችሁ በምትለው አማርኛ። «ትኩሳት አለው።» «አለቀ።» «ምርመራ።» ስትጽፉ «ሮጠ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ ላይመጣ ይችላል። አይምጣ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ልጆቻችሁ በስልክ ሲያወሩ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። በሳምንት አምስት ብትይዙ በዓመት 260 ይደርሳል።

ካልገባችሁስ? ለዚያም የምትሆን አንዲት «ራን» አለች። «ካን ዩ ራን ዛት ባይ ሚ አጌን?» በሉ። «እስቲ ድገሙልኝ» ማለት ነው። አፋችሁን አስለምዷት። ሐኪሙንም፣ አለቃችሁንም፣ የልጃችሁን አስተማሪም በዚህች ልታስቆሙ ትችላላችሁ። ማንም አይቀየማችሁም። እንዲያውም እንደ አገሩ ሰው ነው የተናገራችሁት።

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃና ጥያቄ ተጀመረ። ከኋላ ወንበር አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ቅድም ቡል ራን ወንዝ ነው ብለሻል። እኔ በየቀኑ ወደ ኤርፖርት ስመላለስ፣ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የሚዋሰኑበት ጋ፣ ድልድዩ ላይ ‹ፎር ማይል ራን› የሚል ታፔላ አለ። ከሥሩ መንገድ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ይሮጥበታል። እኔ እስከዛሬ አራት ማይል የመሮጫ ቦታ ነው ብዬ ነው የማልፈው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም እኔን ያያል።

«ጋሼ፣ ድልድዩ ላይ ሆነው ወደ ታች አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ውኃ አለ» አሉ። ቀጥለውም «ውኃው ነው እንዴ የሚሮጠው?»

«አዎ ጋሼ፣ ውኃው ነው።»